ካሜራ ሲገዙ ጆሮዎን ይዘው ይሂዱ፦ ለኪስ የሚሆኑ የቪዲዮ ካሜራዎች በደሴና በኮምቦልቻ ሚዛን

የአባቴ ታላቅ እኅት ቡና እየቆሉ ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ ቀርጬአቸዋለሁ። ቤታቸው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ከሰሉ ተቀጣጥሏል፤ ቡናው ብረት ምጣዱ ላይ መንጣጣት ሲጀምር ከአባታቸው ጋር ወደ ባቲ ገበያ በእግር የወረዱበትን ቀን ያነሳሉ። ምስሉ ላይ እጃቸው ይታያል፤ ማማሰያዋ ትታያለች፤ ከምጣዱ የሚነሳው ጭስ ሳይቀር ይታያል። ድምፃቸው ግን ቡናው በተንጣጣ ቁጥር ይሰምጣል፤ ምጣዱ ጸጥ ሲል ደግሞ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ ይመለሳል። አባታቸው መንገድ ላይ ምን እንዳሏቸው ለመስማት አምስት ጊዜ ደጋግሜ አዳመጥኩ፤ አልተሰማኝም።

የቀረጽኩበት ካሜራ ካርቶን ላይ በትልልቁ «4ኬ» እና «48 ሜጋፒክስል» ተብሎ ተጽፏል፤ ሁለቱም የምስል ጥራት ቁጥሮች ናቸው። ስለ ድምፅ አንድም ቃል የለም። ከዚያ ወዲህ «ርካሽ፣ ትንሽ፣ ኪስ የሚገባ ካሜራ የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ዘመድም ጎረቤትም መልሴ ከድምፅ ይጀምራል። የምስል ጥራት ትንሽ ቢያንስ ዓይን ይለምደዋል። የተበላሸ ንግግር ግን ሊጠገን አይችልም።

አስቀድመው ስልክዎን ይፈትሹ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የወጣ መካከለኛ ስልክ ካለዎት፣ በቀን ብርሃን የሚያነሳው ቪዲዮ ከአብዛኞቹ ርካሽ የኪስ ካሜራዎች ይበልጣል። ይህን ሻጭ አይነግርዎትም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ስልክዎ የማይችለው ነገር ምን እንደሆነ ይለዩ።

ስልክ ረጅም ቀረጻ ላይ ይቸገራል። ሠርግ ላይ ሙሽሮች ሲገቡ ይደወላል፤ ቀረጻው ይቋረጣል። የሁለት ሰዓት ትምህርት ወይም መንዙማ ለመቅረጽ ሲሞከር ይሞቃል፤ ባትሪው ያልቃል፤ ቦታ ይሞላል። ከሩቅ ለመቅረብም አቅሙ ውስን ነው። ከነዚህ አንዱ የእርስዎ ችግር ከሆነ የብቻ ካሜራ ያዋጣዎታል። ካልሆነ ግን ከኮሌታ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ባለሽቦ ማይክና የስልክ ማቆሚያ ይግዙ፤ ከማንኛውም ርካሽ ካሜራ በላይ ይጠቅሙዎታል።

ያገለገሉት የኪስ ካሜራዎች

የዚህ ዓይነት ካሜራ ዘመን አጭር ነበር። ፍሊፕ የተባለው፣ አንድ ትልቅ ቀይ ቁልፍና ከጎኑ ተመዝዞ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ዩኤስቢ የነበረው ካሜራ፣ አያትም ሕፃንም ያለ ማብራሪያ የሚይዘው ዕቃ ነበር። ሲስኮ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2009 በ590 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው፤ በ2011 ሥራውን ዘጋው። ስልኮች በዚያ ፍጥነት ነው ቦታውን የወሰዱት። ይሁን እንጂ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ዛሬም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበትም እንዲሁ።

ፍሊፕ ቢሰጥዎት በደስታ ይቀበሉ፤ ከፍለው ለመግዛት ግን አላበረታታዎትም። ሚሞሪ ካርድ አይቀበልም፤ የሚቀዳው በውስጡ ባለው ቦታ ልክ ብቻ ነው። ማይክ መሰኪያ የለውም። ሚኖ የሚባለው ቀጭኑ ባትሪውም ተዘግቶበት የተሠራ ስለሆነ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ያስቆጠረ ባትሪ ምን ያህል እንደሚቆይ መገመት አያዳግትም። ወፈር ያለው አልትራ ተራ የድንጋይ ባትሪ ስለሚቀበል በዚህ ይሻላል።

ከዚያ ትውልድ ልቤ የሚሄደው ወደ ኮዳክ ዚአይ8 ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው፤ 1080ፒ (ከ4ኬ ዝቅ የሚል የምስል ጥራት) ይቀዳል፤ እስከ 32 ጊጋባይት ካርድ ይቀበላል፤ ባትሪው ይወልቃል። ከሁሉም በላይ ጎኑ ላይ የማይክ መሰኪያ አለው። በዚያን ጊዜ በዚህ መጠንና በዚህ ዋጋ ማይክ መሰኪያ ማግኘት ብርቅ ነበር፤ የሚገርመው ዛሬም ብርቅ ነው። በደብዛዛ ብርሃን ምስሉ ይሻክራል፤ ሽማግሌ አጠገብ ቁጭ ብሎ ታሪክ ለመቅዳት ግን፣ መስኮት አጠገብ ከሆኑ፣ በቂ ነው። ካገኙት ባትሪው ያላበጠ መሆኑን ይዩ፤ የማይክ መሰኪያው እንዳልላላ ሰክተው፣ ሽቦውን ወዘወዝ አድርገው ያዳምጡ።

ካርቶኑ ላይ «4ኬ» የሚሉት

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ መደብር ውስጥ አዲስ ርካሽ ካሜራ ሲጠይቁ የሚወጣልዎት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ስሙ በየካርቶኑ ይለያያል፤ ውስጡ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለት ባትሪ፣ አንድ ቦርሳ፣ አንዳንዴ አናቱ ላይ የሚሰካ ማይክ፣ የፊት ሌንስ መጨመሪያ፤ ዕቃው ብዙ ስለሆነ ያጓጓል። እኔንም ያጓጓኝ እሱ ነው። ባለሱቁ «አብሽር፣ ወንድሜ፣ ከዚህ በላይ አታገኝም» አለኝ፤ ከፈልኩ።

ሦስት ነገር ቀስ ብሎ ይገለጥልዎታል። አንደኛው «16 ጊዜ ዙም» የሚለው ዲጂታል ዙም መሆኑ ነው። ሌንሱ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ካሜራው የምስሉን መሐል ቆርጦ ይለጥጠዋል። ፎቶን በጣት ዘርግቶ ከማየት አይለይም። ሁለተኛው 4ኬው ራሱ ነው። ብዙዎቹ በትንሽ ጥራት ያነሱትን ምስል በስሌት አሳድገው 4ኬ ብለው ያስቀምጡታል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ሁለት ሜትር ርቀው አንድ ጊዜ በ1080ፒ፣ አንድ ጊዜ በ4ኬ ይቅረጹ፤ ከዚያ በኮምፒውተር ላይ አሳድገው ፊደሉን ለማንበብ ይሞክሩ። በ1080ፒ ያልተነበበው በ4ኬም ካልተነበበ፣ የከፈሉት ለቁጥሩ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ያን የቡና ቀን ያበላሸብኝ ነው። እነዚህ ካሜራዎች የድምፅ መጠንን በራሳቸው ይወስናሉ፤ ጸጥታ ሲሆን ከፍ ያደርጋሉ፤ ድንገት ጠንካራ ድምፅ ሲመጣ ሁሉንም ባንድ ላይ ይጫኑታል። የሚንጣጣ ቡና፣ የሚመታ ድቤ፣ የሠርግ ጭብጨባ፣ እልልታ፣ እያንዳንዱ ንግግሩን ለአፍታ ይደፍቀዋል። ደህና ካሜራም ይህን ያደርጋል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ፣ ጆሮ ሳያስተውለው። ርካሹ ላይ ሰው ውኃ ውስጥ እየገባ እየወጣ የሚያወራ ይመስላል። አብሮት የሚመጣውን ማይክ ቢሰኩም፣ ድምፁን የሚወስነው ያው የካሜራው ውስጠኛ ክፍል ስለሆነ ችግሩ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ለልጅ መለማመጃ ከሆነ ይሁን። ለማይደገም ቀን ግን አይመኑት።

ሶኒ ሃንዲካም ሲኤክስ405

ኪስ ይገባል ለማለት የጃኬት ኪስ ያስፈልጋል፤ ከነባትሪው ከ220 ግራም አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሞዴል ሲሆን ያገለገለውም እየተሸጠ ነው። ርካሾቹ የሌላቸው አንድ ነገር አለው፦ 30 ጊዜ የሚያቀርብ እውነተኛ የሌንስ ዙም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ላይ ልጅዎ ከመቶዎች ጥቁር ጋውን መሐል ተነሥታ ስሟ ሲጠራ፣ ከወላጆች መቀመጫ ሆነው ፊቷን የሚያገኙት በዚህ ዓይነት ሌንስ ነው። በስልክ የቀረጹት ወላጆች ኋላ ላይ «የቷ ናት?» ሲባሉ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ይፈልጋሉ። የእጅ መንቀጥቀጥንም በሌንሱ ያስታግሳል፤ ዙሙ ሲረዝም ግን ማቆሚያ የግድ ነው።

ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም። ማይክ መሰኪያ የለውም። አብሮት ያለው ማይክ ከካርቶኖቹ በእጅጉ ይሻላል፤ ድቤም ሲመታ ንግግሩን አይውጥም። ሆኖም ከሩቅ ዙም አድርገው ሲቀርጹ ምስሉ ይቀርባል እንጂ ድምፁ አይቀርብም። መፍትሔው ስልክን ድምፅ መቅጃ አድርጎ ከተናጋሪው አጠገብ ማስቀመጥና ኋላ ኮምፒውተር ላይ ማገጣጠም ነው። ሁለቱንም ካስነሡ በኋላ አንድ ጊዜ ጮክ ብለው ያጨብጭቡ፤ ያ ድምፅ ማገጣጠሚያ ይሆንልዎታል።

ሌላው ጉድለት ጨለማ ነው። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ 1/5.8 ኢንች ነው፤ ከምስር ፍሬ ያነሰ። በአንድ አምፖል የሚበራ ሳሎን ውስጥ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

50 ወይስ 60?

ይህን ክፍል ከአሜሪካ ዕቃ የሚላክላችሁ ሁሉ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሳያውቀው ይጎዳበታል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ዙር ይመላለሳል ማለት ነው። ስለዚህ ዘንግ አምፖልና ርካሽ ኤልኢዲ በየዙሩ ሁለቴ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዓይናችን አያየውም፤ ካሜራ ግን ያየዋል። በሰከንድ 30 ወይም 60 ምስል የሚያነሳ ካሜራ ከዚህ ምት ጋር ስለማይገጥም ጥቁር መስመሮች ምስሉ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ይታያሉ፤ ነጭ ቬሎ ላይ ደግሞ በጣም ይጎላሉ። በ25 ወይም በ50 የሚያነሳው ይገጥማል።

ሲኤክስ405 በሁለት ዓይነት ነው የሚሸጠው፦ ለአሜሪካና መሰሎቿ የ60፣ ለአውሮፓና ለእኛ ዓይነት አገሮች የ50። አንዱ ወደ ሌላው አይቀየርም። ስለዚህ ዘመድዎ ዋሽንግተን ከሆነ የሚልከው የ60ው ነው፤ ዱባይ ወይም አውሮፓ ከሆነ የ50ውን ማግኘቱ አይቀርም። ሌሎቹ አዳዲስ ካሜራዎች ላይ በቅንብር ውስጥ ስለሚቀየር፣ ካሜራው እጅዎ እንደገባ መጀመሪያ የሚነኩት ያ ይሁን።

ጎፕሮ እና ኦስሞ ፖኬት

እ.ኤ.አ. በ2024 በ199 ዶላር የወጣው ትንሹ ጎፕሮ ሂሮ 86 ግራም ነው፤ ከግጥሚት (ክብሪት) ሳጥን ብዙም አይበልጥም፤ እስከ 5 ሜትር ጥልቀት ውኃ አይገባውም። ሞተር ሳይክል ላይ፣ ባጃጅ መስታወት ላይ፣ ሐይቅ ላይ በጀልባ፣ ክረምት ቦርከና ሲሞላ፤ እዚያ ተወዳዳሪ የለውም። የሌንስ ዙም የለውም፤ ባትሪው አይወልቅም፤ ስለዚህ ተሞልቶ ያለቀ ዕለት ቀረጻው አበቃ፤ ሠርግ ላይ ይህ ከባድ ነው። ሰፊ ስለሚያይ ቀርበው የቆሙ ሰዎች ፊት ዳር ዳር ላይ ይለጠጣል። ለቤተሰብ ታሪክ አልገዛውም፤ መንገድ ለሚወድ ግን አይጠላም።

ኦስሞ ፖኬት 3 ከሌሎቹ በሌላ እርከን ላይ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሲወጣ 519 ዶላር ነበር። ያም ሆኖ እዚህ የማነሳው «ርካሽ» የሚለው ቃል ሥራ ለሚሠራበትና ለማይሠራበት ሰው እኩል ስላልሆነ ነው። 179 ግራም ነው። ሌንሱ በሦስት አቅጣጫ በሚዞር ሞተር ላይ ስለተቀመጠ እየተራመዱ ሲቀርጹ ምስሉ በባቡር የተጓዘ ይመስላል። ሴንሰሩ አንድ ኢንች የሚባለው ነው፤ በስፋት ከሲኤክስ405 ከሃያ እጥፍ በላይ። ምሽት ላይ በሻማ የተቀመጠች ሙሽራ ፊቷ ይታያል። ገመድ አልባ ማይክ ይቀበላል። ነገር ግን ሁለት ነገር ይወቁ፦ አዲሱን ካሜራ ሥራ ለማስጀመር በስልክ መተግበሪያ፣ በኢንተርኔት ማንቃት ያስፈልጋል፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀን ከካርቶኑ አውጥተው ወደ ሠርግ አይሂዱ። ውኃም አይችልም፤ የደሴ የሐምሌ ካፊያ ሲጀምር ወደ ኪስዎ ይመልሱት።

ቪዲዮ ቀርጸው የሚከፈልዎት ከሆነ፣ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ሁለት ጓደኛሞች ከሆናችሁ፣ ሁለት ካርቶን «4ኬ» ከመግዛት ተደራጅቶ አንድ እሱን መግዛት ይሻላል እላለሁ።

ሚሞሪ ካርዱ

ጥሩ ካሜራ በሐሰተኛ ካርድ ይሞታል። ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት ተብሎ ውስጡ 8 የሆነ ካርድ ገበያው ላይ አለ፤ ሞልቶ ሲያልፍ ዝም ብሎ የቀደመውን እየደመሰሰ ይቀጥላል፤ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ደህና ይመስላል። የገዙትን ካርድ ኮምፒውተር ላይ ሙሉ በሙሉ በፋይል ሞልተው መልሰው ይክፈቱት። ጊዜ ይፈጃል፤ ይፍጅ።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በ28 ሜጋቢት በሰከንድ የሚቀዳ 1080ፒ ቪዲዮ በሰዓት 12.6 ጊጋባይት ይወስዳል፤ 64 ጊጋባይት ካርድ አምስት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። በ100 ሜጋቢት የሚቀዳ 4ኬ ግን በሰዓት 45 ጊጋባይት ነው፤ ያው ካርድ ሰዓት ተኩል አይሞላውም። ላዩ ላይ «ቪ30» የሚል የፍጥነት ምልክት ያለው ለሁለቱም ይሆናል።

ከደሴ ቁልቁል

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ኅዳር ማለዳ ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ የሚደርስ ካሜራ፣ ከቀዝቃዛ አየር ወደ ሞቃት ስለሚገባ ሌንሱ ጉም ይለብሳል። አይጥረጉት። ከነቦርሳው ዘግተው ሩብ ሰዓት ይተዉት፤ ራሱ ይለቀዋል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ትርፉን ባትሪ በውስጥ ኪስ፣ ከገላዎ ጋር ይያዙ። ጦሳ ላይ ጎህ ሲቀድ ለመቅረጽ የሚወጣ ሰው ይህን ከነገሩት ያመሰግናል።

ሱቅ ሲገቡ

ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ስለሚዋልል እዚህ ዋጋ ጽፌ አላሳስትዎትም፤ ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቁ። የራስዎን ካርድና የጆሮ ማዳመጫ ይዘው ይሂዱ። ካርዱን ያስገቡና ባለሱቁ ከሁለት ሜትር ርቀት ከአንድ እስከ ሃያ እንዲቆጥር ይጠይቁ፤ አሥር ላይ ሲደርስ አጠገብዎ ያለውን ጠረጴዛ በእጅዎ ይምቱ። መልሰው ያዳምጡ። አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ከጠፉ ካሜራውን ይመልሱለት። ከዚያ አምፖሉን ቀና ብለው ይቅረጹ፤ መስመር ካዩ ቅንብሩ ይቀየር እንደሆነ ይጠይቁ። ባለሱቁ ካርቶኑን ለመክፈት እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

እኔ ዛሬ የትኛውን እንደምገዛ ለሚጠይቅ፦ ለምረቃና ለሠርግ የ50ውን ሲኤክስ405 ከማቆሚያ ጋር፤ ለሽማግሌ ታሪክ ስልክ ከኮሌታ ማይክ ጋር፣ ወይም ደህና ዚአይ8 ከተገኘ እሱን።

ባለፈው ወር እትዬ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። ማይኩን ነጠላቸው ጠርዝ ላይ ሳያይዝ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ፤ ከዚያ ረሱት። ቡናው ተንጣጣ፤ ሁሉም ይሰማል፤ የእሳቸው ድምፅ ግን ከላይ ነው። አባታቸው የባቲን መንገድ ሲጀምሩ «እግርሽ ሲደክም ንገሪኝ፤ እስክጠይቅሽ አትጠብቂ» ብለዋቸው ኖሯል። ቀረጻው 14 ደቂቃ ነው፤ ቴሌግራም ከሚፈቅደው ከ2 ጊጋባይት በታች ስለሆነ፣ እንዳይጨመቅ «ፋይል» ብዬ ውጭ ላለችው ልጃቸው ላክሁት፤ አንድ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ ደግሞ እሳቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ባለ ፍላሽ ላይ አስቀመጥኩ።